ከፍሎ የሚሰማኝ ሰው

ውድ ጋሽ ጥርሱ፣

ይህን ስም ያወጣንልዎት እኛ መሆናችንን ሳያውቁ አይቀሩም። የጀመረው ድራመራችን ነው፤ ከዚያ ባንዱ በሙሉ ለመደው። ፊት ለፊትዎ ግን አንድም ቀን ደፍሬ ጠርቼዎት አላውቅም። "ጋሼ" ብቻ ነበር የምልዎት። ዛሬ በመሃላችን ወረቀት ስላለ ድፍረት አገኘሁ፤ ቅር ካለዎት ይቅር ይበሉኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ሱቅዎ ሄጄ ነበር። በሩ ተዘግቶ፣ በመስኮቱ ሳጮልቅ መደርደሪያዎቹ ባዶ ናቸው። እነዚያ ሁሉ የጀሶ መንጋጋዎች የሉም። ጎረቤትዎ ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ከንፈሯ ላይ እንደያዘች ወጥታ፣ "ዓይናቸው ለሥራው አልሆን ስላላቸው ልጃቸው ጋ ሄዱ። ባለቤታቸውም አብረው" አለችኝ። አድራሻውን በጨርቅ መቁረጫ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። መጀመሪያ ተቀየምኩዎት፤ እንዴት ሳይሰናበቱኝ ይሄዳሉ ብዬ። መንገድ ላይ እያሰብኩት ስሄድ ግን አፈርኩ። ከዚያ ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቀን ጀምሮ ሱቅዎን ረግጬ አላውቅም። ሁልጊዜ እዚያው የሚኖሩ ይመስለኝ ነበር። ልነግርዎት አስቤ ያልነገርኩዎት ነገር ብዙ ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

በድሮው ሲኒማ ቤት ስንጫወት መብራቱ ደካማ ስለነበር፣ ከመድረክ ላይ እስከ አምስተኛው ረድፍ ድረስ የሰው ፊት ለይቼ አይ ነበር። እርስዎ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ከመተላለፊያው አጠገብ ነበሩ። በየዓመቱ እዚያው። ሌላው ሰው እኔን ሲያይ እርስዎ ወለሉን ያያሉ፤ እጅዎን ጉልበትዎ ላይ አድርገው፣ የታመመ ሰው ሕመሙን ሲያስረዳ እንደሚያዳምጥ ሐኪም። ባለቤትዎ ደግሞ ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ ትከሻዎ ላይ ተኝተዋል። ኪቦርድ ተጫዋቻችን "ዛሬ እስከ ስንተኛው ይደርሳሉ?" እያለ ከድራመሩ ጋር ይወራረድ ነበር። እኔ መጀመሪያ መጀመሪያ ይከፋኝ ነበር፤ ኋላ ግን በእኔ ድምፅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ማረፉ ደስ ይለኝ ጀመር።

በስምንተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ልምምድ ላይ እያለን ድራመሩ ሲያልፍ ክንዴን ገፋ አድርጎኝ ማይኩ የፊት ጥርሴን ሰበረው። ሐኪም ቤት ሄጄ የሚገባና የሚወልቅ አዲስ ጥርስ አስተከልኩ። ሲያዩት እንከን የለውም፤ ከድሮውም ያምር ነበር። ግን ከዚያ በኋላ የተቀዳ ድምፄን ስሰማ የሆነ ነገር ጆሮዬን ይወጋኛል። ስለታም የሆነ፣ የእኔ ያልሆነ ነገር። የጉሮሮ ሐኪም "ጤነኛ ነሽ" ብሎ ሸኘኝ። ዝንጅብል በማር ጠጣሁ፤ ለሁለት ሳምንት ከሰው ጋር ማውራት ተውኩ። ለማንም ሳልናገር ድምፄ አለቀ ብዬ ለብቻዬ ማልቀስ ጀመርኩ። አርባ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር።

በዚያው ሰሞን ዝግጅታችን አልቆ ሰዉ ሰላም ብሎኝ ሲበተን፣ እርስዎ መጨረሻ ላይ ቀርተው ጠበቁኝ። ባለቤትዎ ከጎንዎ ቆመው ያዛጉ ነበር።

"ልጄ፣ የፊት ጥርስሽን በቅርብ ነው ያስተከልሽው?" አሉኝ።

"እንዴት አወቁ?"

"'ሰ' ስትይ ያፏጫል። ድምፅሽ ምንም አልሆነም፤ አትጨነቂ። ጥርሱ ከኋላ ወፍሯል። ምላስሽ ቦታ አጥቶ ነው።"

"ሐኪም ነዎት?" ስልዎት፣ "አይደለሁም። ለሐኪሞች ጥርስ የምሠራ ሰው ነኝ። ሐኪምሽን አስፈቅጂና ነይ" አሉኝ፤ ባለቤትዎን በክንዳቸው ይዘው ሄዱ።

ሱቅዎ ውስጥ የገባሁበትን ቀን አልረሳውም። ጠባብ ክፍል፣ የጀሶ ብናኝ፣ የቀለጠ ሰም ሽታ። በየመደርደሪያው የተደረደሩት መንጋጋዎች አፋቸውን ከፍተው የሚስቁብኝ መሰለኝ። ወንበር ላይ አስቀምጠው "ሰባት፣ ሰማንያ፣ ስልሳ ስድስት በይ" አሉኝ። አልኩ። ዓይንዎን ጨፍነው ሰሙኝ፤ ጥርሱን አውልቀው በትንሿ ሞረድ ከኋላው ጥቂት ፋቅ አደረጉና መልሰው ገጠሙልኝ። "ድገሚ።" ደገምኩ። እንደገና ፋቁ። "ድገሚ።" ስንት ጊዜ ሰማንያ እንዳልኩ እግዜር ይወቀው። በመጨረሻ ዓይንዎን ገልጠው "አሁን መጣሽ" አሉኝ። እኔም ሰማሁት። መጥቼ ነበር።

ቦርሳዬን ስከፍት "ተይው፣ አንቺማ የእኛው ነሽ" ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እውነቱን ልንገርዎት፣ ስሜ መታወቅ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ቦታ እንዲህ ስለሚሉኝ ለምጄዋለሁ። እርስዎ ግን ሙሉ ዋጋውን ነገሩኝ፤ ርካሽም አልነበረም። ፊቴ ላይ አንብበውት ነው መሰለኝ፣ "እኔ አንቺ ጋ ስመጣ እከፍላለሁ፤ አንቺ እኔ ጋ ስትመጪ ትከፍያለሽ። እንዲህ ከሆነ ማናችንም ሥራችንን አናዋርድም" አሉኝ። ከፈልኩ። ወጥቼ ስሄድ ትንሽ አኩርፌ ነበር፤ ትንሽ ደግሞ ልቤ ሞልቶ ነበር።

ከዚያ ትልቁ ነገር መጣ። አዘጋጁን ያውቁታል፤ በየግድግዳው ማስታወቂያ ላይ ስሙ ከእኔ ስም በላይ የሚጻፈው ሰውዬ። ክፉ ሰው አልነበረም። ቃሉን ያከብራል፣ ክፍያ አያዘገይም። "አንቺ ለሲኒማ ቤት አልተፈጠርሽም" አለኝ፤ ይህን ሲሉት የማይወድ ዘፋኝ የለም። ወደ ትልቁ አዳራሽ ወሰደን። መብራት፣ ጭስ፣ ግድግዳ የሚያክል ስክሪን። የመጀመሪያው ዓመት የትኬቱ ዋጋ እጥፍ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ጨመረ። በአራተኛው ዓመት የአንድ ክፍል ቤት የወር ኪራይ ያህል ደረሰ፤ ያውም ከኋላ ቆሞ ለሚያይ ሰው። "ምነው በዛ?" ስለው ወረቀት ዘርግቶ አሳየኝ፦ የአዳራሽ ኪራይ፣ የድምፅ ዕቃ ኪራይ፣ ጥበቃ፣ ማስታወቂያ፣ ግብር። ሁሉም እውነት ነው። ከሁሉም የሚበልጠው መስመር ላይ ግን የእኔ ስም ነበር፤ እሱን ዓይኔን ሳላሳርፍ አለፍኩት።

አንድ ጋዜጠኛ "ሕዝቡ ትኬቱ ተወደደብን ይላል፤ ምን ይላሉ?" ብሎ ጠየቀኝ። እግሬን አነባብሬ ተቀምጬ "ሙዚቃ የሚወድ ሰው ዋጋ አያይም" አልኩት። ሰምተውት ይሆናል፤ በሬዲዮ ደጋግመው አሰምተውታል። ባስታወስኩት ቁጥር ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

በትልቁ አዳራሽ ውስጥ ሦስተኛ ረድፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ከፊት ያለው ሁሉ ለቪአይፒ ክብ ጠረጴዛ ሆነ። መብራቱ ዓይኔን ስለሚወጋኝ ሰው አይታየኝም፤ የሚታየኝ የስልክ ብርሃን ብቻ ነው። ስለዚህ መቅረትዎን አላወቅኩም። ይህን ስጽፍልዎት አፍራለሁ፤ ግን እውነቱ ይሄ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይኖሩ እኔ ልብ አላልኩም። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ድራመሩ ገመድ እየጠቀለለ፣ እንደ ዋዛ፣ "እኔ ምለው፣ ጋሽ ጥርሱ ሞቱ እንዴ?" አለ። በማግስቱ ሱቅዎ መጣሁ።

ያን ቀን ሰም የነካ ቢላዋ ይዘው አጎንብሰው ነበር። ቀና ብለው አዩኝና የመጀመሪያ ቃልዎ "ምነው፣ ጥርሱ ተነቃነቀ?" የሚል ነበር።

"አይ ጋሼ፣ የጠፉት እርስዎ ነዎት እንጂ ጥርሱስ አለ።"

ባለቤትዎ ጥግ ላይ ተቀምጠው የደንበኞችን ስም ትንንሽ ሳጥኖች ላይ ይጽፉ ነበር፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እዚያ እንደሚውሉ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። የአስተማሪ ነገር፣ መልሱን እሳቸው ቀደም አሉ።

"ተወደደብን፣ ልጄ። ለሁለት ሰው የማይቀመስ ሆነ። እሱ ደግሞ ብቻዬን አልሄድም አለ። በየተራ እንሂድ ብዬ ገላገልኩት። መጀመሪያ እሱ ሄደ፤ በማግስቱ ሥራ ፈትቶ ሲተርክልኝ ዋለ። በሚቀጥለው ዓመት የእኔ ተራ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሁለታችንም ቀረን።"

"በእርስዎ ተራ እንዴት ነበር ታዲያ?" አልኳቸው።

"ምን እንዴት ነበር ትይኛለሽ፣ እንቅልፍ እንቢ አለኝ! ያን ሁሉ ከፍዬ እንዴት ብዬ ልተኛ? ዓይኔን እንዳፈጠጥኩ አመሸሁ።"

ሦስታችንም ሳቅን። እኔም የሳቁ ሙቀት ሳይበርድ ከቦርሳዬ ሁለት የክብር ጥሪ ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጥኩ። ጉዳዩን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። እርስዎ እጅዎን በሽርጥዎ ጠርገው፣ ወረቀቶቹን ጠርዛቸውን ብቻ ይዘው ወደ እኔ መለሷቸው።

"አይሆንም።"

"ለምን ጋሼ? ከእኔ እኮ ነው።"

"ለዚያ ነዋ። በጥሪ የገባ ሰው ባይጥመውም ማጨብጨብ አለበት። እኔ ካልጣመኝ እጄን ኪሴ ከትቼ መቀመጥ እፈልጋለሁ። ከፍዬ ስገባ ነው ይህን የማደርገው።"

ባለቤትዎ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"ንገራት እንጂ" አሉ።

"ተይ አንቺ ሴትዮ።"

"አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ። ልጄ፣ በእኔ ተራ ጊዜ፣ ያ ከፍ የሚለው ዘፈንሽ ላይ ማይኩን ከአፍሽ አውርደሽ ለሕዝቡ እጅሽን ስታውለበልቢ፣ ድምፅሽ አልቆመም።"

ጋሼ፣ ያን ጊዜ የሆንኩትን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እውነት ነበር። ከአርባ ስምንት ዓመቴ ጀምሮ የላይኛው ድምፄ እየከዳኝ መጥቷል። አዘጋጁ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ አዝኖ በሚመስል ድምፅ፣ "ሰው ይህን ሁሉ ከፍሎ የተሰነጠቀ ድምፅ አይሰማም" አለኝ። ስለዚህ ከፍ የሚሉት ቦታዎች ላይ ድሮ ስቱዲዮ የተቀዳውን ድምፄን እንለቀዋለን፤ እኔ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። በመጀመሪያ አንድ ዘፈን ላይ ብቻ ነበር። ኋላ ግን ዋጋው በጨመረ ቁጥር የእኔም ፍርሃት ጨመረ፤ ፍርሃቴ በጨመረ ቁጥር አፌን መክፈት ተውኩ። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ሰዉ የወር ኪራዩን ይዞ ሲመጣ እኔ ካሴት አስከፍትለታለሁ።

"ለማንም ተናግራችኋል?" ብዬ ጠየቅኳችሁ። ከሁሉ በፊት ይህን መጠየቄ ራሱ ያሳፍረኛል።

"ለማን?" አሉኝ እርስዎ፤ የተቆጡ ይመስሉ ነበር። "ሠላሳ አምስት ዓመት በሰው አፍ ውስጥ ነው የኖርኩት። ያየሁትን ለሌላ ሰው አውርቼ አላውቅም።"

ከዚያ ሰምዎን አንስተው ሥራዎን ቀጠሉ። አልመከሩኝም፣ አልገሠጹኝም። ቢገሥጹኝ ኖሮ ተቆጥቼ እወጣ ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያበቃ ነበር። ዝም ስላሉኝ ግን ተቀመጥኩ። ባለቤትዎ ውሃ ሰጡኝ። በመጨረሻ "ትኬቱ ስንት ቢሆን ከፍለው ይገባሉ?" ብዬ ጠየቅኩዎት።

"መጀመሪያ ማን እንደሚዘፍን ንገሪኝ። አንቺ ነሽ ወይስ ካሴቱ?"

"እኔ።"

"እንግዲያው ከቤት ወጥተን ለሁለት ምሳ የምንበላበትን ያህል። ከዚያ ካነሰ አንቺን መናቅ ነው፤ ከዚያ ከበዛ እኛን።"

ቃል አልገባሁልዎትም ነበር፤ ያስታውሳሉ? "አያለሁ" ብዬ ነው የወጣሁት። ለመወሰን ሁለት ወር ፈጀብኝ። ጀግና አልምሰልዎት፤ ፈርቼ ነበር። የለመድኩት ኑሮ አለ፣ በእኔ የሚተዳደር ሰው አለ። አዘጋጁ ጋ ሄጄ "በሚቀጥለው ዓመት ዋጋው ይቀነስ፣ እኔም በራሴ ድምፅ ልዝፈን" ስለው ከልቡ ደነገጠ።

"ዋጋ ስትቀንሺ እኮ ሰው ድምፅሽ ያለቀ ይመስለዋል" አለኝ።

"የላይኛው አልቋል" አልኩት። "የታችኛውን ግን ገና አልነካሁትም።"

አልገባውም። ሳይጨቃጨቅ ተለያየን፤ ማስታወቂያው ላይ የእኔን ቦታ በሌላ ዘፋኝ ለመሙላት ሳምንት አልፈጀበትም። ጊታሪስታችን ከእሱ ጋር ቀረ። "እህቴ፣ ሁለት ልጅ አስተምራለሁ" አለኝ፤ ምን እለዋለሁ? ተቃቅፈን ተለያየን። ድራመሩ "ክፍያው ካነሰ እኔም ቀስ ብዬ ነው የምመታው" እያለ ቀረልኝ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ እያነሳ ወደ አሁኑ ድምፄ አወረዳቸው። ያ ከፍ የሚለው ዘፈን ሦስት ቶን፣ ሦስት የድምፅ እርከን፣ ወረደ። መጀመሪያ ቀን በወረደው ቶን ስዘፍነው የሌላ ሴት ልብስ የለበስኩ መሰለኝና መሃል ላይ አቋርጬ ወጣሁ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኮሪደር ላይ ተከትሎኝ መጥቶ ከጎኔ ቆመ። ከዚያ ተመልሰን ገባን።

አዳራሽ ስናጣ ያገኙልን ባለቤትዎ ናቸው። የድሮ ትምህርት ቤታቸው አዳራሽ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት። የእንጨት ወንበር፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ፣ መብራቱ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ። አንድ ጋዜጣ "ዝነኛዋ ዘፋኝ ትምህርት ቤት ገባች" ብሎ ቀለደብኝ። ድራመሩ ቆርጦ ልምምድ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

ያን ቀን በሩ ላይ ባለቤትዎ ነበሩ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየኋቸው። "አንድ በአንድ! መጋፋት የለም! አንተ ረጅሙ፣ ከኋላ!" ሰው ሁሉ እንደ ተማሪ ጸጥ ብሎ ተሰለፈላቸው። የእርስዎ ተራ ሲደርስ ትኬት ቆርጠው ሰጡዎት፤ እርስዎም ከፈሉ፤ መልስም ተቀበሉ። ከዚያ እሳቸው ከራሳቸው ቦርሳ ገንዘብ አውጥተው ሳጥኑ ውስጥ ከተቱና ለራሳቸው አንድ ትኬት ቆረጡ። እንዲሁ ከወጣሁ እያለቀስኩ ልዘፍን ነው ብዬ ፊቴን በውሃ ታጠብኩ።

ስወጣ ሁሉም ሰው ታየኝ። ጋሼ፣ ይህን እንዴት ልንገርዎት? ስምንት ዓመት ለማላየው ሰው ስዘፍን ኖሬ፣ ድንገት ሦስት መቶ ፊት። ሸሚዙን የተኮሰ ሰው፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት፣ የሥራ ጫማውን እንዳደረገ የመጣ ግንበኛ። እርስዎ የለመዱት ቦታ ተይዞብዎት መስኮቱ አጠገብ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ አራት ዘፈኖች እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። አምስተኛው ያ ዘፈን ነበር።

ማይኩን ይዤ "ይህን ዘፈን እንደ ድሮው አልችለውም" አልኩ። "ላለፉት ሦስት ዓመታት ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ከፍ የሚለውን ቦታ የሰማችሁት የተቀዳ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ ዝቅ አድርጌ ነው የምዘፍነው፤ ያልጣመው ማጨብጨብ የለበትም።"

ከኋላ አንድ ሰው አጉረመረመ፤ ሁለት ሴቶች ተነሥተው ወጡ፤ አልፈርድባቸውም። እርስዎ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከወለሉ ላይ ዓይንዎን አንስተው እኔን አዩ። ዘፈንኩት። ሁለተኛው አንጓ ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ፤ አላቆምኩም። የተሰነጠቀውን ይዤ ሄድኩ። ልክ ያን ጊዜ እጅዎን ወደ ኪስዎ ሲሰዱ አየሁ። አልጣማቸውም፣ አበቃ፣ አልኩ በልቤ። ዓይኔን ከእርስዎ ላይ መንቀል አቅቶኝ፣ እየዘፈንኩ ጠበቅኩ። ያወጡት መሐረብ ነበር።

ዘፈኑን ስጨርስ የሆነው ጭብጨባ በትልቁ አዳራሽ ከሰማሁት ያነሰ ነው፤ ሦስት መቶ ሰው ምን ያህል ይጮኻል? ግን የእያንዳንዱ እጅ ለብቻው ይሰማኝ ነበር።

ሲያበቃ እንደ ድሮው መጨረሻ ላይ ቀርተው መጡ። ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ እንደ ተማሪ ቆምኩ። "ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድራሙ ጮኋል። የቀረው ደህና ነው" አሉኝ። ከእርስዎ አፍ "ደህና" መስማት ምን ማለት እንደሆነ ጥርስ የሚያሠራዎት ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል። ላመሰግንዎት አፌን ስከፍት ሰዎች በመሃላችን ገቡ፤ እርስዎም ክንድዎን ለባለቤትዎ ሰጥተው ወጡ። ሳላመሰግንዎት ቀረሁ። ከዚያ በኋላ በተጫወትንባቸው አራት እሑዶች ሁሉ መጥተዋል፤ እኔም ሁልጊዜ "በሚቀጥለው እነግራቸዋለሁ" እያልኩ አሳደርኩት።

እንግዲህ ያለሁበትን ልንገርዎት። ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ብዬ አልዋሽም። ትምህርት ቤቱ ኪራይ ጨመረብን፤ እኛም ዘንድሮ ትኬቱ ላይ ጥቂት ጨመርን። ሰዉ ሲገባ በር ላይ ቆሜ "ለምን ጨመረ?" ለሚለኝ ሁሉ ራሴ አስረዳለሁ። አንዳንዱ ይረዳኛል፤ አንዷ ሴት ግን "አንቺም ጀመርሽ?" ብላኝ ተመልሳ ሄደች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከውስጤ አልወጣ አለኝ። ጊታሪስታችን አንድ እሑድ ትኬት ቆርጦ ኋላ ተቀምጦ ሰማን፤ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ይመለስ አይመለስ ገና አልነገረኝም። አዘጋጁም ደውሏል። አዳራሹ በየጊዜው እንደሚሞላ ሰምቶ "አብረን እንሥራ" አለኝ። "ለሁለት ሰው የምሳ ዋጋ፣ ካሴት የለም፣ ከፊት ጠረጴዛ የለም" አልኩት። "ላስብበት" ብሏል። ያስብ።

ጋሼ፣ እኔ በሕይወቴ ብዙ አድናቂ አይቻለሁ። አበባ ያመጡልኝ አሉ፣ በስሜ ልጅ የሰየሙ አሉ። እኔ ግን የማደንቀው አድማጭ አንድ ነው። ሲያምርልኝ ብቻ ሳይሆን ስበላሽም የሰማኝ፤ ጥርሴ ሲበላሽ ሰምቶ ቀርቦ የነገረኝ፣ እውነቴ ሲበላሽ ደግሞ አውቆ ገመናዬን የሸፈነልኝ፤ በነፃ ና ስለው እንቢ ብሎ ሥራዬን ከእኔ በላይ ያከበረልኝ ሰው። ይህን ነበር ያን ቀን ልነግርዎት የፈለግኩት። ዘገየሁ፤ ይኸው አሁን ነገርኩዎት።

ልብስ ሰፊዋ ዓይንዎ ቢደክምም ጆሮዎ እንዳለ ነግራኛለች። ልጅዎ ባሉበት ከተማ አዳራሽ ሳፈላልግ ሰነበትኩ፤ የባቡር ሠራተኞች ክበብ የሚባል፣ ሁለት መቶ ወንበር ያለው አንድ አገኘሁ። በመጪው ወር በሁለተኛው እሑድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንመጣለን። ድራመሩ ቀስ ብሎ ሊመታ ምሏል። አንድ አዲስ ዘፈን አለኝ፤ ለማንም አላሰማሁትም፤ ለዚህ ለአሁኑ ድምፄ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያዬ ነው። ደግ ይሁን መጥፎ እኔ መለየት አቅቶኛል፤ ፈርቼዋለሁም።

ፖስታው ውስጥ የጥሪ ወረቀት ፈልገው እንዳያጡ፣ አልላክሁም። ትኬት በር ላይ ይሸጣል። ለባለቤትዎም እንዲሁ ይንገሩልኝ፤ እሳቸው ሰልፉን ካላስተካከሉልን ግን ምን እንደምንሆን አላውቅም።

እስከዚያ እሑድ ጤና ይስጥልኝ።

አክባሪዎ፣
ዘፋኟ